የጠቡ መነሻ ተፈቷል፤ ካቶሊኮችና ሉተራውያን ግን ለምን አብረው አይቆርቡም?

ኦክቶበር 31 ቀን 1999 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ተወካዮች አንድ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ሰነድ ነው። የሰነዱ ልብ 15ኛው አንቀጽ ነው። እግዚአብሔር የሚቀበለን በጸጋ ብቻ፣ በክርስቶስ የማዳን ሥራ በማመን ነው እንጂ በእኛ ዘንድ ባለ ብቃት አይደለም፤ የምንቀበለው መንፈስ ቅዱስም ልባችንን ያድሳል፣ ለመልካም ሥራም ያስታጥቀናል ይላል። ሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን የምትቆመውም የምትወድቀውም በዚህ ትምህርት ነው ሲሉ ኖረዋል። ሮም በዚሁ ትምህርት ላይ አብራቸው ፈረመች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከፊርማው በኋላ አንድ ትውልድ አልፏል። ሆኖም ባል ካቶሊክ፣ ሚስት ሉተራን በሆኑበት ቤት ሁለቱ እሑድ ጠዋት አብረው ከቤት ይወጣሉ፤ ቁርባኑ ጋ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። የሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ጠብ «በእምነት ብቻ» በሚለው ቃል የተነሳ ቢሆን ኖሮ ይህ መሆን አልነበረበትም። ጠቡ በጽድቅ ትምህርት ጀመረ፤ መለያየት የሆነው ግን «በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ መልስ አግኝቷል፣ በ1541 እና በ1999። ሁለተኛው እስካሁን አላገኘም። ይህ የሚታየው ነገሩን ከሥሩ፣ ከአንድ ሊቀ ጳጳስ ዕዳ፣ ጀምረን ስንከተለው ነው።

የማይንዝ ዕዳ

የብራንደንቡርጉ አልብሬክት በ1513፣ በ23 ዓመቱ፣ የማግደቡርግ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በዓመቱ የማይንዝን መንበር ደረበ። ማይንዝ ተራ ሀገረ ስብከት አልነበረም፤ ሊቀ ጳጳሱ የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት ከሚመርጡት 7 ሰዎች አንዱ ነው። መንበሩ ግን በዕዳ ጎብጦ ነበር። በ10 ዓመት ውስጥ 3 ሊቃነ ጳጳሳት ተከታትለው ሞተዋል፤ አዲስ ሊቀ ጳጳስ በተሾመ ቁጥር ደግሞ ለሮም ከፍተኛ ክፍያ ይከፈል ነበር። አልብሬክት ክፍያውን በራሴ እችለዋለሁ ብሎ ተመረጠ።

ችግሩ ሁለት ነበር። ዕድሜው ሕጉ የሚጠይቀውን 30 ዓመት አልሞላም፤ ሁለት መንበርን በአንድ ሰው እጅ መያዝም የተከለከለ ነው። ለሁለቱም ከሮም ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ዋጋ አለው። አልብሬክት ከአውግስቡርጉ የፉገር ባንክ 29 ሺህ የራይን ጉልደን ተበደረ። ብድሩ የሚመለስበት መንገድም አብሮ ተቀየሰ። ፖፕ ሊዮ 10ኛ በማርች 31 ቀን 1515 ባወጣው ደብዳቤ በአልብሬክት ግዛቶች ለ8 ዓመት ኢንዱልጀንስ፣ ማለትም የኃጢአትን ቅጣት የሚያነሳ የቤተ ክርስቲያን ይቅርታ፣ እንዲሰበክ ፈቀደ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ ሮም ውስጥ ለሚሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ ግማሹ ለፉገር ዕዳ። ሰባኪው የዶሚኒካን መነኩሴው ዮሐን ቴትዘል ሲሆን የፉገር ወኪልም ከገንዘብ ሣጥኑ አይለይም ነበር። ሕዝቡ ከሁሉም የሚያውቀው ባዚሊካውን ብቻ ነው። ስለ ዕዳው ከመድረኩ አልተነገረውም፤ ሉተርም ቢሆን በዚያን ጊዜ አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኢንዱልጀንስ በትምህርቱ መሠረት «ኃጢአት በገንዘብ ማስሰረይ» አልነበረም። የምዕራቡ ትምህርት በኃጢአት ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይለያል፣ በደልንና ቅጣትን። በደሉ በንስሐ ይሰረያል፤ ጊዜያዊው ቅጣት ግን ይቀራል። በዚህ ዓለም በጾም፣ በጸሎትና በምጽዋት ያልተከፈለው በፑርጋቶሪ፣ ማለትም ነፍስ ከሞት በኋላ በምትነጻበት ስፍራ፣ ይከፈላል። ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስና ከቅዱሳን የጽድቅ መዝገብ ወስዳ ይህን ቅጣት ልታነሳ ትችላለች የሚለውን ትምህርት ፖፕ ክሌመንት 6ኛ በ1343 ሕጋዊ መልክ ሰጠው። ሲክስቱስ 4ኛ ደግሞ በ1476 ለሙታን ነፍሳትም ይሆናል አለ። ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ የእኛዋን ጨምሮ፣ ይህን ሒሳብ አያውቁትም። ስለዚህ ኦርቶዶክሳዊ አንባቢ ክርክሩ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ቢሆንበት አይገርምም።

ትምህርቱ ወደ ገበያ ሲወርድ ግን ተበላሸ። የተበላሸበት ቦታም በጽሑፍ ይታያል። የአልብሬክት ቢሮ ለሰባኪዎቹ ያዘጋጀው መመሪያ አራት ጸጋዎችን ይዘረዝራል። አንደኛው ፍጹም የቅጣት ይቅርታ ነው። ሁለተኛው የገዛው ሰው የፈለገውን ካህን መርጦ እንዲናዘዝ የሚፈቅድ ደብዳቤ፣ ሦስተኛው በቤተ ክርስቲያን ጸሎትና ጽድቅ መካፈል ነው። አራተኛው ለሞቱ ዘመዶች የሚገዛው ነው፤ መመሪያው ለዚህኛው ገዢው መጸጸትም መናዘዝም አያስፈልገውም ይላል። ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ መጣል ብቻ በቂ ነው። ንስሐና ገንዘብ የተለያዩት እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ሉተር ኢንዱልጀንስን ከሞገተባቸው 95 አንቀጾች በ35ኛው ያነጣጠረውም ይህንኑ ነበር።

ዋጋው በማዕረግ ተመድቧል። ነገሥታትና ሊቃነ ጳጳሳት 25 የወርቅ ጉልደን፣ አበምኔቶችና ባላባቶች 10፣ ከእነርሱ ዝቅ ያሉት 6፣ የከተማ ነጋዴዎች 3፣ የእጅ ባለሙያዎች 1፣ ሌላው ግማሽ። ገንዘብ የሌለው በጸሎትና በጾም ያገኘዋል፤ መንግሥተ ሰማያት ከሀብታም ይልቅ ለድሃ መዘጋት የለበትምና። መመሪያው ይህን መጻፉ ለፍትሕ ሲባል መነገር አለበት። ግን ኮታ ያለበት ሰባኪ፣ አጠገቡ የባንክ ወኪል ቆሞ፣ የትኛውን አንቀጽ ጮኾ እንደሚያነብ መገመት አያዳግትም።

የሳክሶኒው መራጭ መስፍን ፍሬድሪክ ቴትዘልን ወደ ግዛቱ አላስገባውም። ምክንያቱ የነገረ መለኮት ጉዳይ አልነበረም። ፍሬድሪክ ራሱ በቪተንበርግ የቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ወደ 19 ሺህ የሚጠጋ የቅዱሳን አፅምና ንዋይ ሰብስቧል፤ ይህም የራሱ ኢንዱልጀንስ ነበረው። የግዛቱ ገንዘብ ወደ ተቀናቃኙ ቤተሰብ እንዲፈስ አልፈለገም። ሕዝቡ ግን ድንበር ተሻግሮ በቅርብ ባለችው ዩተርቦግ ደብዳቤውን ገዝቶ ይመለሳል፤ ከዚያም በቪተንበርግ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪና አናዛዥ ወደሆነው መነኩሴ ይመጣል። ማርቲን ሉተር ነገሩን የጀመረው ንስሐ አባት ሆኖ ነው።

«ንስሐ ግቡ» ማለት ምን ማለት ነው?

የ95ቱ አንቀጾች የመጀመሪያው፣ ጌታችን «ንስሐ ግቡ» ሲል የምእመናን ሕይወት በሙሉ ንስሐ እንዲሆን ፈልጎ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ይህ ቃል በካህን ፊት ለሚፈጸመው ምሥጢረ ንስሐ ብቻ የተነገረ ሊሆን አይችልም ይላል። የጭቅጭቁ ሥር አንድ የትርጉም ጥያቄ ነበር። የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ቃሉን «ንስሐ ፈጽሙ» እንደማለት አድርጎ ያነበዋል፤ ሆላንዳዊው ሊቅ ኤራስመስ በ1516 ባሳተመው የግሪክ አዲስ ኪዳን ግን ቃሉ የልብ መለወጥን ያመለክታል። የአማርኛው «ንስሐ መግባት» ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል። ወደ ንስሐ አባት መሄድም ነው፣ ከመንገድ መመለስም ነው። ላቲን ብቻ ለሚያነብ አውሮፓዊ ግን ሁለቱ ለየቅል መሆናቸው ትልቅ ግኝት ነበር።

ሉተር አንቀጾቹን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቸነከረ ስለሚባለው ታሪክ አጭር ነገር ይበቃል። ኦክቶበር 31 ቀን 1517 ሉተር አንቀጾቹን ከደብዳቤ ጋር ለሊቀ ጳጳስ አልብሬክት መላኩ የተረጋገጠ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር መለጠፉን የጻፈው ግን የሉተር የሥራ ባልደረባ ፊሊፕ ሜላንክቶን ነው። እርሱም የጻፈው ሉተር ከሞተ በኋላ በ1546 ሲሆን በ1517 ቪተንበርግ ውስጥ አልነበረም። ተለጠፈም አልተለጠፈ ታሪኩን የለወጠው ፖስታው ነው፤ አልብሬክት አንቀጾቹን ወደ ሮም አስተላለፋቸው።

ከዚያ የማተሚያ ቤቶች ሥራ ተከተለ። አንቀጾቹ በላቲን የተጻፉ የምሁራን ክርክር ነበሩ፤ እስከ 1517 መጨረሻ በኑረምበርግ፣ በላይፕዚግና በባዝል ታትመዋል። ተራው ሕዝብ ያነበበው ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ሉተር በ1518 ስለ ኢንዱልጀንስና ጸጋ በጀርመንኛ አጭር ስብከት አወጣ፤ 20 አጫጭር ነጥቦች ብቻ ነበሩት፣ በዚያው ዓመትም ከ10 ጊዜ በላይ ታተመ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ 4 ቅጠል፣ 8 ገጽ ይሆናል። መጠረዣ አይፈልግም፣ በአጭር ጊዜ ይታተማል፣ በርካሽ ይሸጣል። የቅጂ መብት ስላልነበረ አንድ ቅጂ አውግስቡርግ ሲደርስ የዚያ አታሚ ፊደሉን እንደገና ለቅሞ የራሱን ያወጣል። የማጓጓዣ ወጪ የለም፤ የሚጓዘው ሐሳቡ ብቻ ነው። ሉተር ይህን በቶሎ ተረዳ፤ ተቃዋሚዎቹ ለዓመታት በረጃጅም የላቲን መጻሕፍት መልስ ሲሰጡት እርሱ ከጫማ ሰፊው ጋር በጀርመንኛ ይነጋገር ነበር። (ማተሚያው የተሐድሶ፣ ማለትም ከሉተር የተነሳው እንቅስቃሴ፣ ሰዎች ብቻ መሣሪያ እንዳልነበረ የእኛው ታሪክ ይመሰክራል፤ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ሮም ውስጥ የታተመው በ1513 ነው፣ ከ95ቱ አንቀጾች 4 ዓመት ቀድሞ።)

ጥያቄው የተቀየረበት ጊዜ

እስከ 1518 መጀመሪያ ድረስ ጉዳዩ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈታ ነበር። ሉተር ፑርጋቶሪን አልካደም፣ ፖፑንም አልካደም። እንዲያውም ሰባኪዎቹ የሚሠሩትን ፖፑ ቢያውቅ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ አመድ ቢሆን ይመርጣል ብሎ ጽፏል፤ 86ኛው አንቀጽ ግን ይህን ያህል ሀብት ያለው ፖፕ ባዚሊካውን ለምን በራሱ ገንዘብ አይሠራም የሚለውን የሕዝቡን ጥያቄ አንስቷል።

መልሱ ከሮም ሲመጣ ርዕሱን ቀየረው። የፖፑ የነገረ መለኮት አማካሪ ፕሪየሪያስ በ1518 የጻፈው መልስ ስለ ንስሐ ብዙም አልደከመም፤ የሮም ቤተ ክርስቲያን በኢንዱልጀንስ ጉዳይ የምታደርገውን ማድረግ አትችልም የሚል ሰው መናፍቅ ነው አለ። በእኔ ግምት የመለያየቱ የመጀመሪያ ስንጥቅ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። «ይህ ተግባር ትክክል ነው ወይ?» ተብሎ ለተጠየቀው «እኛ ስላደረግነው ትክክል ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ካርዲናል ካየታን ሉተርን በአውግስቡርግ አነጋገረው። ካየታን የዘመኑ ታላቅ የቶማስ አኩዊናስ ተርጓሚ ነበርና ጥያቄውን ጠንቅቆ ገብቶት ነበር፤ የተሰጠው ተልእኮ ግን መከራከር ሳይሆን «ተሳስቻለሁ» ማሰኘት ነው። የክሌመንት 6ኛን የ1343 ደብዳቤ አቀረበለት። ሉተር ደብዳቤው ከመጽሐፍ ቅዱስ አይበልጥም አለ። ተለያዩ።

ቀጣዩ ደረጃ ላይፕዚግ ነው፣ የ1519 በጋ። የሮምን ወገን ይዞ የቀረበው ዮሐን ኤክ የሰለጠነ ተከራካሪ ነበር። ሉተርን በኢንዱልጀንስ አልነካውም፤ እርምጃ በእርምጃ ወደ ሥልጣን ጥያቄ ወሰደው። ፖፑ በመለኮታዊ መብት የቤተ ክርስቲያን ራስ ነው ወይስ በሰው ሥርዓት? ሉተር የምሥራቁን ምሳሌ አነሳ። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሮም ሥልጣን ከሺህ ዓመት በላይ ቅዱሳንን አፍርታ ኖራለች፤ እነዚያ ሁሉ ጠፉ እንበል? ኤክ ወጥመዱን እዚያው ዘረጋ። ይህማ በኮንስታንስ ጉባኤ ተወግዞ ጁላይ 6 ቀን 1415 የተቃጠለው የቦሄሚያው ሰባኪ የያን ሁስ ትምህርት ነው አለው። ሉተር ጥቂት አሰበና ከሁስ አንቀጾች ብዙዎቹ ፍጹም ክርስቲያናዊ ናቸው ሲል መለሰ። እንግዲህ ፖፕ ብቻ ሳይሆን ጉባኤም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ በመካከል ቆሞ የሚዳኝ አካል አልቀረም። አንዱ ወገን ዳኛው መጽሐፍ ነው ሲል ሌላው መጽሐፉን የሚተረጉም ዳኛ ያስፈልጋል ይላል።

በዚህ ክርክር ውስጥ ኢትዮጵያ የሩቅ ተመልካች ብቻ አልነበረችም። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተርና ከሜላንክቶን ጋር ስለ እምነት ተወያየ። ሉተር ጁላይ 4 ቀን በጻፈለት የመሸኛ ደብዳቤ የምሥራቁ ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ ሥርዓቷ ቢለይም የእምነት አንድነቱን አያፈርሰውም አለ። የዲያቆኑ መምጣት ለሉተር ከእንግድነት በላይ ትርጉም ነበረው። ከሮም ሥልጣን ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ለብሳ ፊቱ ቆመች፤ በላይፕዚግ የተከራከረበት ነጥብ ምስክር አገኘ። ይህ ማለት ግን ሉተር የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሁሉ ያውቅ ነበር ማለት አይደለም፤ ስለ ምሥጢራት፣ ስለ ገድላትና ስለ አማላጅነት ሰፋ አድርገው ቢነጋገሩ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣ ነበር።

የቀረው በፍጥነት ሄደ። ጁን 15 ቀን 1520 ሊዮ 10ኛ 41 የሉተር አባባሎችን በደብዳቤ ኮንኖ እንዲመለስ 60 ቀን ሰጠው። ዲሴምበር 10 ሉተር ደብዳቤውን ከቤተ ክርስቲያን የሕግ መጻሕፍት ጋር በቪተንበርግ አቃጠለ። ውግዘቱ ጃንዋሪ 3 ቀን 1521 ወጣ። ኤፕሪል ላይ በቮርምስ በንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ፊት ሲቀርብ፣ ፖፖችም ጉባኤዎችም ደጋግመው ስለተሳሳቱ በመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ግልጽ በሆነ ምክንያት ካልተረታሁ አልመለስም አለ።

ሉተር ለምን እንደ ሁስ አልተቃጠለም?

የያን ሁስና የሉተር ትምህርት በዚህ ነጥብ ላይ ተቀራራቢ ነው፤ ዕጣቸው ግን ተለያየ። አንዱ ምክንያት የቀን መቁጠሪያ ነው። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን ጃንዋሪ 12 ቀን 1519 ሞተ። ሊዮ 10ኛ በምርጫው ካርል እንዳይነግሥ ይፈልግ ነበር፤ ለዚህም ከ7ቱ መራጮች አንዱ የሆነው የሳክሶኒው ፍሬድሪክ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በፍሬድሪክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው መነኩሴ ጉዳይ ለወራት ተንጠለጠለ። እነዚያ ወራት ለማተሚያ ቤቶች በቂ ነበሩ። ካርልም ከነገሠ በኋላ ከፈረንሳይ ጋር ሲዋጋ፣ ቱርኮችም በ1526 ሃንጋሪን በሞሃች ድል አድርገው በ1529 ቪየናን ሲከቡ፣ የጀርመን መሳፍንት ጦርና ገንዘብ አስፈለገው። ከ1522 እስከ 1530 ጀርመንን አልረገጣትም። በ1526 የሽፓየር ጉባኤ እያንዳንዱ ገዢ በእግዚአብሔርና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ተጠያቂ በሚሆንበት መንገድ ያስተዳድር ተባለ። በ1529 ይህ ሲሻር 6 መሳፍንትና 14 ከተሞች ኤፕሪል 19 ቀን በጽሑፍ ተቃወሙ። «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ የመሳፍንት አቤቱታ ነው።

መሳፍንቱና ከተሞቹ የወሰዱት ትምህርቱን ብቻ አልነበረም። የገዳማት መሬት፣ የቅዳሴ ስጦታ፣ የቤተ ክርስቲያን ግብር ሁሉ ባለቤት አጣ። ይህን ገንዘብ በአግባቡ ለመያዝ የተሞከረበት አንድ ምሳሌ በሳክሶኒ ያለችው ትንሿ ላይስኒግ ናት። በ1523 ምእመናኑ ገቢው ሁሉ ወደ አንድ የጋራ ሣጥን እንዲገባ ወሰኑ። አስተዳዳሪዎቹ 10 ናቸው፣ 2 ከባላባቶች፣ 2 ከከተማው ምክር ቤት፣ 3 ከከተማው ነዋሪዎች፣ 3 ከገበሬዎች። ሣጥኑ 4 ቁልፍ አለው፤ አንዱ ወገን ብቻውን አይከፍተውም። ከሣጥኑ የፓስተሩ ደመወዝ፣ የትምህርት ቤቱ ወጪና የድሆች መደጎሚያ ይወጣል። ሉተር መቅድም ጻፈለት፣ ደስም አለው። ነገር ግን የከተማው ምክር ቤት ንብረቱን ለሣጥኑ አላስረክብም ብሎ ነገሩን አሰናከለው። የፉገር ወኪል በቆመበት ቦታ የከተማ ሹም ቆመ። የተሐድሶው ወዳጆች ይህን ክፍል መዝለል የለባቸውም። ከጳጳስ እጅ የወጣው ሥልጣን ወደ ምእመናን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መስፍኑ ቢሮ ገባ፤ በ1525 የገበሬዎቹ ጦርነት ሲነሳም ሉተር ከመሳፍንቱ ጋር ቆመ።

ሌላው ተግባራዊ ችግር ክህነት ነበር። ጳጳሳቱ ሉተርን የሚከተሉ ሰባኪዎችን አንሾምም ሲሉ አዲስ ፓስተር ከየት ይመጣል? ከ1535 ጀምሮ ቪተንበርግ ራሷ መሾም ጀመረች፣ ያለ ጳጳስ እጅ። ያኔ የአስተዳደር መፍትሔ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በሁለቱ መካከል የቀረው ትልቁ ግድግዳ ይኸው ነው።

በሌላ ቦታ የሆነው ሌላ መልክ ነበረው። በዙሪክ ነገሩ የጀመረው በ1522 ዐቢይ ጾም በአታሚው ፍሮሻወር ቤት በተበላ ቋሊማ ነው፤ የዙሪክ ተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ ጾሙን መጽሐፍ አላዘዘም ብሎ ተከላከለላቸው። ሉተርና ዝዊንግሊ በ1529 ማርቡርግ ላይ ከ15 ነጥቦች በ14ቱ ተስማምተው ክርስቶስ በቁርባኑ ውስጥ እንዴት ይገኛል በሚለው ተለያዩ። የሕፃናትን ጥምቀት የካዱት ደግሞ በካቶሊኮችም በተሐድሶ ሰዎችም ተሳደዱ፤ ፌሊክስ ማንዝን ጃንዋሪ 1527 በሊማት ወንዝ ያሰጠመችው ፕሮቴስታንቷ ዙሪክ ናት። «መጽሐፍ ብቻ» ሲባል ማን ይተርጉመው የሚለው የኤክ ጥያቄ በተሐድሶው ጓዳም ቶሎ ደረሰ። ካልቪን በጄኔቫ፣ ሄንሪ 8ኛ በእንግሊዝ ራሱን የቤተ ክርስቲያኗ ራስ ባደረገበት የ1534 ሕጉ፣ የየራሳቸውን መልስ ሰጡ።

ሬገንስቡርግ 1541፣ ከዚያም ትሬንት

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ምዕራፍ ይህ ነው። በ1541 ካርል 5ኛ ከሁለቱም ወገን ሊቃውንትን በሬገንስቡርግ ሰበሰበ። ከካቶሊክ በኩል ኤክና ግሮፐር፣ ከፕሮቴስታንት በኩል ሜላንክቶንና ቡትሰር ይገኙበታል፤ የፖፑ ልዑክ ካርዲናል ኮንታሪኒ ራሱ እንደ ሉተር በጽድቅ ጥያቄ የተጨነቀ ሰው ነበር። በሜይ መጀመሪያ ላይ ሰው እንዴት ይጸድቃል በሚለው አንቀጽ ተስማሙ። ኤክ እያጉረመረመ፣ ግን ፈረመ። ከዚያ ቁርባን ላይ ደረሱ። ኅብስቱና ወይኑ ባሕርያቸው ይለወጣል የሚለው ትምህርት የግድ ይታመን የሚለውን ፕሮቴስታንቶቹ አልተቀበሉም። የጉባኤያት ሥልጣን ጉዳይም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ስብሰባው ፈረሰ። በጽድቅ ላይ የተደረሰውን ስምምነትም ሮምም ሉተርም አልተቀበሉት፤ ሉተር የተጣፈ ጨርቅ ነው ብሎ አየው።

ሮም ለተሐድሶው መልስ የሰጠችበት የትሬንት ጉባኤ ዲሴምበር 13 ቀን 1545 ተከፍቶ፣ እየተቋረጠ እስከ ዲሴምበር 4 ቀን 1563 ቆየ። ቅደም ተከተሉን እንመልከት። በኤፕሪል 1546 መጀመሪያ የወሰነው የሥልጣንን ጥያቄ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስና ከሐዋርያት የተላለፈው ትውፊት በእኩል አክብሮት ይያዛሉ አለ። በጽድቅ ላይ የወሰነው ከዚያ በኋላ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1547 ነው፤ 16 ምዕራፍና 33 የውግዘት ቀኖና። ጉባኤው ከውግዘት በላይ ሥራም ሠርቷል። ጳጳስ በሀገረ ስብከቱ ይኑር አለ፣ የካህናት ማሠልጠኛ እንዲከፈት አዘዘ፣ በ1562 የኢንዱልጀንስ ገንዘብ ሰብሳቢዎችን ሻረ። ፒየስ 5ኛ በ1567 ክፍያ ያለባቸውን ኢንዱልጀንሶች ሁሉ ሰረዘ። ሉተር ለአልብሬክት ደብዳቤ ከጻፈ ልክ 50 ዓመት ሆኖት ነበር። የጠቡ መነሻ የሆነው ሽያጭ ቀረ፤ ጠቡ ግን ሌላ ቦታ ሥር ሰድዶ ነበርና አብሮ አልቀረም። በ1555 የአውግስቡርግ ስምምነት እያንዳንዱ መስፍን የግዛቱን ሃይማኖት እንዲመርጥ ፈቅዶ ድንበሩን አጸናው።

ኢንዱልጀንስ ራሱ ዛሬም አለ። ጳውሎስ 6ኛ በ1967 በቀንና በዓመት መቁጠሩን አስቀረው። በ2025 ኢዮቤልዩም ለተሳላሚዎች ተሰጥቷል፤ መስፈርቱ መናዘዝ፣ መቁረብና ለፖፑ ሐሳብ መጸለይ ነው፤ ገንዘብ የለበትም።

ያልተፈረመው ክፍል

የ1999ኙ ሰነድ 43ኛ አንቀጽ ያልተፈቱትን ነገሮች በግልጽ ይዘረዝራል፦ የእግዚአብሔር ቃልና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግንኙነት፣ የቤተ ክርስቲያን ምንነት፣ በውስጧ ያለው ሥልጣን፣ ክህነት፣ ምሥጢራት። ከላይ ያየነውን መንገድ ለተከተለ ሰው ይህ ዝርዝር አዲስ አይደለም። ፕሪየሪያስ፣ ካየታን፣ ላይፕዚግ፣ የ1535ቱ ሹመት፣ ሬገንስቡርግ በቅደም ተከተል ተቀምጠዋል። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ2017 ሰነዱን ተቀላቅለዋል፤ ማንኛቸውም ግን ይህን ዝርዝር አላሳጠሩትም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከ1963 ጀምሮ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል በመሆኗ ነገሩ እኛም ቤት አለ። እዚህ አገር ልዩነቱ በሥርዓተ አምልኮ እንዳይመስለን መጠንቀቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ ሥርዓት ትቀድሳለች፤ ቅዳሴዋ ከሮም ይልቅ ለኦርቶዶክሱ ይቀርባል። ነገር ግን ከፖፑ ጋር አንድ ናት። የጀርመን ሉተራን ቅዳሴ በቅርጹ ከሮሙ ብዙ አይርቅም፤ ሆኖም ኅብረት የለም። የሚለየው ሥርዓቱ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው።

ኦክቶበር 31 ቀን 2016 ፖፕ ፍራንሲስ በስዊድን ሉንድ ከሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን መሪዎች ጋር ሲጸልዩ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ላይ፣ በአንድ ማዕድ አብሮ ለመቁረብ የሚናፍቁ ብዙዎች እንዳሉ፣ በተለይም ሕይወታቸውን ሁሉ ተካፍለው ይህን ብቻ መካፈል ያልቻሉትን ሥቃይ ጽፈዋል። ሥቃዩን ያወቁለት ሰዎች ፈቃዱን ግን መስጠት አልቻሉም። ምክንያቱን ለማየት አንድ ሉተራን ፓስተር ካቶሊክ ሆኖ ካህን መሆን ቢፈልግ ምን እንደሚደረግ ማየት ይበቃል። አይጠመቅም፤ ጥምቀቱ እውነተኛ ጥምቀት ነው። ሹመቱ ግን እንደገና ይፈጸማል፤ በሮም ዓይን የጳጳስ እጅ በሐዋርያዊ ተከታታይነት አልተጫነበትም፣ ስለዚህም የቀደሰው ቁርባን ምሉዕ ቁርባን አይደለም። ኦርቶዶክስ ካህን ቢመጣ ግን ክህነቱ እንዳለ ይታወቅለታል። ይህን ልዩነት የፈጠረው «በእምነት ብቻ» የሚለው ትምህርት አይደለም፤ እርሱ ተፈርሞበታል። የፈጠረው በ1535 ቪተንበርግ ውስጥ ያለ ጳጳስ የተጫነ እጅ ነው። ሁለቱ ወገኖች የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ 500ኛ ዓመት በሚከበርበት በ2030 ሲገናኙ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቃቸውም ይኸው እጅ ነው።